ቻርጀሩ ይቅደም ወይስ ብስክሌቱ? ለአንድ የከተማ ትራንስፖርት ባለሙያ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው በአንድ መካከለኛ ከተማ ማዘጋጃ ቤት የትራንስፖርት ዕቅድ ይሠራሉ። ለንጹህ ትራንስፖርት የተያዘ በጀት አላቸው፤ ግን ብዙ አይደለም። ከምክር ቤቱ አባላት ግማሾቹ ዋናው አደባባይ ላይ ፈጣን የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀሮች እንዲተከሉ ይፈልጋሉ። ግማሾቹ ደግሞ ከተማውን በሙሉ የሚያዳርስ የጋራ ብስክሌት (ከአንድ ጣቢያ ተወስዶ ሌላ ጣቢያ ላይ የሚመለስ) ይጀመር ባይ ናቸው። «የቱ ይቅደም? ሁለቱን አንድ ቦታ ላይ ማድረግስ ያዋጣል? ከዓመት በኋላ ተሳክቷል ወይም አልተሳካም የምለውስ ምን አይቼ ነው?» ይላሉ።

መልሴን ከወዲሁ ልንገርዎት። ብስክሌቱ ይቅደም፤ ግን ከተማውን በሙሉ አያዳርስ፣ በአንድ ጠበብ ያለ ክፍል ይጀመር። ቻርጀሩም ይተከል፤ ግን መኪኖች በሚያድሩበትና ቀኑን ሙሉ የሚሠሩ ተሽከርካሪዎች በሚያርፉበት ቦታ ይሁን። አደባባዩ ለቻርጀር የሚመረጥ የመጨረሻው ቦታ ነው።

ክርክሩ የተወሳሰበው ሁለቱ ነገሮች አንድ ዓይነት ችግር የሚፈቱ ስለሚመስል ነው። አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ የለውም። በዝግታ ሲሄድ ድምፁም ትንሽ ነው። ኃይሉ ከውሃ፣ ከነፋስ ወይም ከፀሐይ የሚመጣ ከሆነ ጥቅሙ በጣም ከፍ ይላል። መንገድ ላይ የሚይዘው ቦታ ግን የቤንዚን መኪና ከሚይዘው አያንስም። መጨናነቁ እንዳለ ይቀጥላል። ጎማ ከአስፋልት ጋር ሲፋተግ የሚነሳው ብናኝም አይቀርም። ብስክሌት ደግሞ ዋናው ስጦታው ቦታ ነው። አንድ መኪና የሚቆምበት፣ 5 ሜትር በ2.5 ሜትር ገደማ የሆነ ቦታ፣ ከ8 እስከ 10 ብስክሌት ይይዛል። ስለዚህ ምክር ቤቱን አስቀድመው ይጠይቁ፦ እኛን ይበልጥ ያስቸገረን ጭሱ ነው ወይስ መጨናነቁ? ብዙ ከተማ ውስጥ መልሱ «ሁለቱም» ነው። ያኔም ቢሆን ገንዘቡ የቱ ላይ ቶሎ ፍሬ እንደሚያፈራ ማየት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ታሪክ ልጨምር፤ ለጥያቄዎ በቀጥታ ስለሚጠቅም ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ። በ1965 አምስተርዳም ውስጥ ፕሮቮ የሚባል የወጣቶች ንቅናቄ ነበር። ከአባላቱ አንዱ ሉድ ስኺመልፔኒንክ ብስክሌቶች ነጭ ተቀብተው ለማንም ክፍት ይሁኑ የሚል ሐሳብ አመጣ። ቁልፍ የለም፣ ክፍያ የለም፣ ሰው አንስቶ ይነዳል፣ ሲጨርስ ያስቀምጣል። ብዙም አልቆየም። ፖሊስ «ያልተቆለፈ ብስክሌት መንገድ ላይ መተው ክልክል ነው» ብሎ ሰበሰባቸው። የተረፉትም ተሰረቁ ወይም ተሰበሩ። ሰውዬው ግን ተስፋ አልቆረጠም። በ1974 ደግሞ ዊትካር የምትባል፣ ሁለት ሰው የምትጭን ትንሽ የጋራ የኤሌክትሪክ መኪና ይዞ መጣ። ከአንድ ጣቢያ ይወስዷታል፣ ሌላ ጣቢያ ላይ ይመልሷታል፣ እዚያው ቆማ ቻርጅ ታደርጋለች። ዛሬ እርስዎ የሚያወዳድሯቸውን ሁለት ነገሮች አንድ ሰው ከ50 ዓመት በፊት ሁለቱንም ሞክሯቸዋል ማለት ነው። ዊትካር እስከ 1986 ቆየች። የታሰቡት ጣቢያዎች ብዙ ነበሩ፤ የተሠሩት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሰው ወደሚሄድበት ቦታ ጣቢያ ከሌለ መኪናዋ ምንም ብታምር አትጠቅመውም።

ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የተፈታው የስርቆቱ ችግር ነው። ኮፐንሃገን በ1995 በሳንቲም የሚከፈት ብስክሌት አቀረበች። ሬን የተባለችው የፈረንሳይ ከተማ በ1998 የኤሌክትሮኒክ ካርድ አስገባች። ብስክሌቱን ማን እንደወሰደው መታወቅ ጀመረ። ሊዮን በ2005፣ ፓሪስ በ2007 በሰፊው ገቡበት። በ2008 ደግሞ የቻይናዋ ሃንግዡ ብስክሌቱን ከአውቶቡስ ጋር አያይዛ ጀመረች፤ የመጀመሪያውን አንድ ሰዓትም ነጻ አደረገችው። የጣቢያ ጉዳይ ግን እስከ ዛሬ ብዙ ከተማ የሚወድቅበት ነው።

ኢንስቲትዩት ፎር ትራንስፖርቴሽን ኤንድ ዴቨሎፕመንት ፖሊሲ የተባለው ድርጅት ለከተሞች የሰጠው ምክር ግልጽ ነው። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ10 እስከ 16 ጣቢያ ይኑር ይላል። ከአንዱ ጣቢያ እስከ ሌላው 300 ሜትር ገደማ ማለት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰው ብስክሌት ፍለጋ ረጅም መንገድ በእግሩ አይሄድም። ሲደርስ ጣቢያው ባዶ ከሆነ ደግሞ ሌላው ጣቢያ በቅርብ መገኘት አለበት። አሁን ይህን ከበጀትዎ ጋር ያገናኙት። 60 ጣቢያ መሥራት የሚችሉ ቢሆን፣ በ12 ሂሳብ 5 ካሬ ኪሎ ሜትር በደንብ ይሸፈናል። ያንኑ 60 ጣቢያ 40 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ከበተኑት ለአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር አንድ ተኩል ጣቢያ ነው የሚደርሰው። ማንም አይጠቀምበትም። የምክር ቤት አባላት «የእኔ ሰፈርስ?» ማለታቸው አይቀርም፤ መብታቸውም ነው። ለእነሱ የሚሰጠው መልስ ከዳር እስከ ዳር የሚሰፋበት የጊዜ ሰሌዳ ነው። ጣቢያ ለሁሉም በጥቂት በጥቂቱ መበተን ሁሉንም ማሳዘን ነው።

የት ይጀመር ለሚለው፣ ሰው በብዛት የሚኖርበት፣ የሚሠራበትና ከአውቶቡስ ወይም ከባቡር የሚወርድበት ቦታ አንድ ላይ የሚገኝበት ክፍል ይምረጡ። ገበያ፣ ሆስፒታልና ዩኒቨርሲቲ ቢኖሩበት ይበልጥ ጥሩ ነው። ጠዋት ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድበትና ማታ የሚመለስበት ሰፈር ብቻ ከሆነ ግን ችግር አለው። ጠዋት መሃል ከተማው ጣቢያ ይሞላል፣ ሰፈሩ ባዶ ይሆናል። ያኔ ብስክሌቶቹን በጭነት መኪና እያመላለሱ ማስተካከል የግድ ነው። ይህ ሥራ ከሚታሰበው በላይ ገንዘብ ይበላል። ኒው ዮርክ ውስጥ ሲቲ ባይክ የተባለው የጋራ ብስክሌት ለዚህ ጥሩ ዘዴ አለው። ከሞላ ጣቢያ ወደ ባዶ ጣቢያ ብስክሌት የሚያደርስ ተጠቃሚ ነጥብ ያገኛል፣ ነጥቡም ዋጋ አለው። ከብስክሌቱ ብዛት አንጻር መቆለፊያ ያለው ማቆሚያ እንዳያንስ ማድረግ ሌላው መፍትሔ ነው። ለአንድ ብስክሌት ከ2 እስከ 2.5 ማቆሚያ ይመደባል። ይህን ቀንሶ ገንዘብ ለማትረፍ መሞከር ሰውን የሚመልስበት ቦታ ማሳጣት ነው። አንድ ቀን ማቆሚያ አጥቶ ከሥራ የዘገየ ሰው በማግስቱ አይመጣም።

አሁን እኔ በጣም የማምንበት ነገር ላይ ደረስኩ። የብስክሌት መስመር ሳይኖር የጋራ ብስክሌት አይጀመር። በቀለም የተሰመረ ማለቴ አይደለም፤ ከመኪና በጠርዝ ወይም በምሰሶ የተለየ መስመር ማለቴ ነው። የስፔኗ ሴቪያ ከ2006 ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የተለየና የተያያዘ መስመር ሠራች። የጋራ ብስክሌቷንም በ2007 ጀመረች። ብስክሌት እምብዛም የማይታይባት ከተማ ነበረች፤ የብስክሌት ጉዞው በአጭር ጊዜ ብዙ እጥፍ አደገ። የአውስትራሊያዋ ሜልበርን ደግሞ የጋራ ብስክሌቷን በ2010 ጀምራ በ2019 ዘጋች። 50 ገደማ ጣቢያዎች ብቻ ነበሯት። ሕጉ ሁሉም ነጂ የራስ ቁር እንዲያደርግ ስለሚያስገድድ ድንገት ብስክሌት የፈለገ ሰው መጀመሪያ ቁር ፍለጋ ይሄዳል። የጋራ ብስክሌት ትልቁ ጥቅሙ ሳይታሰብበት መገኘቱ ነው። ያ ሲቀር ብዙ አይቀረውም።

መስመሩ በተለይ ለሴቶች፣ ለአረጋውያንና ልጅ ለያዙ ሰዎች ነው የሚያስፈልገው። ደፋር ወጣት መስመር ኖረ አልኖረ ይነዳል። ለእሱ ብቻ የሚሆን አገልግሎት በሕዝብ ገንዘብ መሥራት ተገቢ አይመስለኝም። በጀቱ ለሁለቱም የማይበቃ ከሆነ፣ የብስክሌቱን ቁጥር ቀንሰው መስመሩን ይሥሩ። መስመሩ የራሱ ብስክሌት ላለው ሰውም ያገለግላል። የጋራ አገልግሎቱ አንድ ቀን ቢቆም እንኳ መስመሩ ይቀራል።

ጣቢያ የሌለው፣ በአፕ ተከፍቶ የትም የሚተው ብስክሌትስ? ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይጀመራል። በ2016 እና በ2017 በቻይና ከተሞች ኩባንያዎች እየተሽቀዳደሙ መንገዱን በብስክሌት ሞሉት። ከዚያ ብዙዎቹ ከሰሩ፤ ብስክሌቶቹ ተራራ ሆነው ሜዳ ላይ ተከምረው ቀሩ። እኔ አልቃወመውም። ግን የሚቆምበት ቦታ መሬት ላይ የተሰመረ ይሁን፤ የኩባንያዎቹንና የብስክሌቶቹን ቁጥር ደግሞ ከተማው ይወስን። የእግረኛ መንገድ ላይ የተጋደመ ብስክሌት ለዓይነ ስውር ሰው አደጋ ነው።

ወደ ቻርጀሩ እንምጣ። እዚህ ትንሽ ሂሳብ ያስፈልጋል፤ ከባድ አይደለም። አንድ የተለመደ የኤሌክትሪክ መኪና 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከ15 እስከ 20 ኪሎዋት ሰዓት (የኤሌክትሪክ ፍጆታ መለኪያ ነው) ይፈጃል። በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 7 ወይም 8 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል። ባለ 7.4 ኪሎዋት ዘገምተኛ ቻርጀር ይህን በአንድ ሰዓት ገደማ ይሞላል። መኪናው ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ነው የሚያድረው። ታዲያ ለዚህ ሰው 150 ኪሎዋት ፈጣን ቻርጀር አደባባይ ላይ ምን ይሠራለታል? ፈጣኑ የሚጠቅመው ረጅም መንገድ ለሚሄድና ጊዜ ለሌለው ነው። እሱም ቢሆን ባትሪው 80 በመቶ ከደረሰ በኋላ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ እስከ 100 መጠበቅ ቦታ መያዝ ብቻ ነው።

ዋናው ጣጣ ከመሬት በታች ነው ያለው። አራት ባለ 50 ኪሎዋት ቻርጀሮች አንድ ላይ ሲሠሩ 200 ኪሎዋት ይጠይቃሉ። ይህ የአንድ ሰፈር ትራንስፎርመር ሊሸከመው የማይችል ጭነት ሊሆን ይችላል። አዲስ ትራንስፎርመር፣ ወፍራም ገመድ፣ ቁፋሮ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ከቻርጀሩ ይልቅ እሱ ነው በጀት የሚጨርሰው። በአንጻሩ መኖሪያ ሰፈር ውስጥ 10 ዘገምተኛ መሰኪያዎች ይትከሉና ጭነቱን የሚያከፋፍል መቆጣጠሪያ ያድርጉላቸው። ጠቅላላው ከ30 ኪሎዋት እንዳያልፍ ይገደብ። ሌሊቱን ለ9 ሰዓታት ሲሠሩ 270 ኪሎዋት ሰዓት ይወጣል። ለአንድ መኪና 27 ይደርሳል። ያ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል። 10 መኪና፣ ብዙ ቁፋሮ ሳይኖር።

የት ሰፈር ይሁን ለሚለው የአምስተርዳምን አሠራር እወደዋለሁ። የግል ማቆሚያ የሌለው ነዋሪ የኤሌክትሪክ መኪና ሲይዝ ለከተማው ያመለክታል፤ ከተማው በአቅራቢያው ቻርጀር ከሌለ ይተክላል። መሰኪያው ሰውን ተከትሎ ይሄዳል፤ በግምት ተተክሎ አቧራ አይጠጣም። የራሱ ግቢ ያለው ሰው በራሱ ሊሰካ ይችላል። የሕዝብ ገንዘብ ይበልጥ የሚያስፈልገው ፎቅ ላይ ለሚኖርና መንገድ ላይ ለሚያቆም ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ቀኑን ሙሉ የሚሠሩት ተሽከርካሪዎች ይታሰቡ። አውቶቡስ፣ ታክሲ፣ ዕቃ አመላላሽ። በቀን 200 ኪሎ ሜትር የሚሠራ ታክሲ ወደ ኤሌክትሪክ ሲቀየር፣ በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚነዱ አምስት የግል መኪኖች የተቀየሩ ያህል ነው። የቻይናዋ ሸንዠን በ2017 ከ16,000 በላይ አውቶቡሶቿን በሙሉ ኤሌክትሪክ አድርጋለች። አውቶቡስ ደግሞ የሚያድርበት ቦታ ይታወቃል፣ መስመሩ ይታወቃል፣ የሚፈጀው ኃይል ይታወቃል። ለዕቅድ ሠራተኛ ከዚህ የተመቸ ነገር የለም። ለታክሲ ፈጣን ቻርጀር እደግፋለሁ፤ ቆሞ በጠበቀ ቁጥር ገቢው ይቀንሳልና። ቦታው ግን ታክሲዎቹ ተራ የሚጠብቁበት ይሁን።

ሁለቱን አንድ ቦታ ማድረግ ያዋጣል ወይ ብለዋል። አዎ፣ ብስክሌቱ በሞተር የሚታገዝ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ከሆነ በደንብ ያዋጣል። ዳገት ያለበት ከተማ ከሆነ ደግሞ የኤሌክትሪኩን ብስክሌት አጥብቄ እመክራለሁ። የአንዱ ባትሪ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። 20 ብስክሌት ሙሉ በሙሉ ባዶ ሆነው ቢገቡ እንኳ 10 ኪሎዋት ሰዓት ነው የሚፈልጉት። በሌሊቱ 8 ሰዓታት ላይ ሲከፋፈል ከአንድ የውሃ ማፍያ ያነሰ ኃይል ነው። ለመኪና የተዘረጋው ገመድ ይህን ሳይሰማው ይሸከማል። ቁፋሮውም አንድ ጊዜ ይሆናል። የጀርመኗ ብሬመን ከ2003 ጀምሮ ሞቢልፑንክት በሚል ስም የጋራ መኪናንና የብስክሌት ማቆሚያን በየሰፈሩ አንድ ላይ ስታደርግ ቆይታለች። ነዋሪው እዚያ ሄዶ የሚስማማውን ይመርጣል።

ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ኃይሉ ሳይገባ ብስክሌቱ አይምጣ። ፓሪስ በ2018 ቬሊብ የተባለውን የጋራ ብስክሌቷን ለአዲስ አንቀሳቃሽ ድርጅት ስታስረክብ ብዙ ጣቢያዎች ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር አልተገናኙም ነበር። በባትሪ እንዲሠሩ ተሞከረ፤ ባትሪው አለቀ። ከአሥሩ ሦስቱ ብስክሌቶች የኤሌክትሪክ እንዲሆኑ ነበር የታሰበው፤ ቻርጅ የሚሆኑበት ጣቢያ ግን ጠፋ። ሕዝቡ ለወራት ተማረረ። ከ10 ዓመት በላይ ልምድ የነበራት ከተማ ናት።

ሌላው ደግሞ አተካከሉ ነው። የቻርጀሩ ምሰሶም ሆነ የብስክሌቱ ጣቢያ ከመኪናው በኩል፣ ማለትም ከአስፋልቱ ላይ ቦታ ይውሰድ። የእግረኛው መንገድ ላይ አይውጣ። ገመድ በእግረኛ መንገድ ላይ ተሻግሮ ሲያልፍ ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም ሰው ያቆማል፣ አረጋዊ ይጥላል። ንጹህ ትራንስፖርት እያልን እግረኛውን ካስቸገርን ከሁሉ ንጹህ የሆነውን ጉዞ ነው የምንጎዳው።

ከዓመት በኋላ ምን ይታይ? የተተከለውን ቁጥር አይቁጠሩ። ለብስክሌቱ፣ አንድ ብስክሌት በቀን ስንት ጊዜ ተነዳ የሚለውን ይዩ። ከ4 እስከ 8 ከሆነ ደህና ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ጣቢያው ተራርቋል፣ ወይም መስመሩ ያስፈራል፣ ወይም ብስክሌቱ ተበላሽቷል። ጣቢያዎች በጠዋትና በማታ ለምን ያህል ጊዜ ባዶ ወይም ሙሉ እንደሆኑም ይመዝገብ። ለቻርጀሩ፣ ሰው መጥቶ ሲሰካ በእርግጥ ይሠራል ወይ የሚለው ይቀድማል። ከዚያ በቀን ስንት ኪሎዋት ሰዓት ሰጠ። ብዙ ሰው የማይጠይቀው ሌላ ጥያቄ አለ፦ «ይህ ብስክሌት ባይኖር በምን ይሄዱ ነበር?» ሁሉም «በእግሬ» ካለ ጥቅሙ ትንሽ ነው። «በመኪና» ወይም «ከአውቶቡስ ወርጄ በሌላ መኪና» የሚል ሰው ሲበዛ ነው ከተማው የተጠቀመው።

ውሉ ላይ ጠንከር ይበሉ። ቻርጀሩ ኦሲፒፒ በሚባለው ክፍት የመገናኛ ደንብ የሚሠራ ይሁን፤ ነገ አንቀሳቃሹ ቢቀየር ዕቃው ከእሱ ጋር ታስሮ አይቀርም። የብስክሌቱ መረጃም ጂቢኤፍኤስ በተባለው ክፍት ቅርጽ ይውጣ፤ ሰው በማንኛውም የካርታ አፕ ያገኘዋል። መሰኪያ ሲመርጡ ከተማዎ ውስጥ አሁን የሚነዱት መኪኖች ምን ዓይነት እንደሚወስዱ አስቀድመው ያስቆጥሩ። የአውሮፓው መሰኪያ ሲሲኤስ 2 እና የቻይናው ጂቢ/ቲ አይገጣጠሙም። የጥገና ክፍያውንም ከአፈጻጸም ጋር ያያይዙት፤ የተበላሸ ቻርጀር ወይም ጎማው የተነፈሰ ብስክሌት በስንት ሰዓት መነሳት እንዳለበት በቁጥር ይጻፍ። ፓሪስ ውስጥ ኦቶሊብ የተባለው የጋራ የኤሌክትሪክ መኪና አገልግሎት በ2018 ሲዘጋ መኪኖቹ ተነሱ፤ የቻርጅ ቦታዎቹ ግን ቀሩ፣ ኋላም ቤሊብ ለተባለው የሕዝብ ቻርጅ መረብ ዋሉ። ከተማ ውል ሲፈርም መሬት ውስጥ የተቀበረው ገመድና ምሰሶው የእሱ ሆኖ እንዲቀር ማድረግ ያለበት ለዚህ ነው።

ለምክር ቤቱ ታዲያ ይህን ይዘው ይግቡ። አደባባዩ ላይ ሦስት የመኪና ማቆሚያ ይነሳና የብስክሌት ጣቢያ ይሁን፤ ፈጣን ቻርጀር የሚፈልጉት አባላት ጥያቄያቸው በታክሲ ተራው ይመለስላቸው፣ ሁለት ይበቃል። ቀሪው ገንዘብ ለተለየው የብስክሌት መስመርና ለሰፈር መሰኪያዎች ይከፈል። ከስብሰባው በፊት ደግሞ ሁለት ነገር በእጅዎ ይግባ፦ የሚጀመርበት ክፍል ስፋት በካሬ ኪሎ ሜትር፣ እና በዚያ ክፍል ያሉት ትራንስፎርመሮች ማታና ሌሊት ስንት ጭነት እንደሚተርፋቸው። የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ይህ መረጃ አለው፤ በደብዳቤ ይጠይቁት። ሁለቱን ሲያገኙ ቢጽፉልኝ የጣቢያዎቹን አቀማመጥ አብረን እናየዋለን።